የአንጎል ልጓምና የእናቶች ድባቴ፤ የአንድ የሆርሞን ማብራሪያ ሂሳዊ ምርመራ

ከወሊድ በኋላ በእናቶች ላይ ስለሚከሰት ድባቴ በሚሰጡ ሥልጠናዎችና በመድኃኒት ማስተዋወቂያዎች ውስጥ አንድ ማብራሪያ በተደጋጋሚ ይቀርባል። ማብራሪያው አጭርና ግልጽ ነው። በእርግዝና ወቅት ከፍ ብሎ የቆየው ሆርሞን ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ሆርሞኑ ሲወርድ የአንጎል ሕዋሳትን የሚያረጋጋው ኃይል ይዳከማል፤ በዚህም ምክንያት እናቲቱ በድባቴ ትያዛለች፤ ስለሆነም የጎደለውን መልሶ መስጠት ሕክምናዋ ይሆናል።

የዚህ ማብራሪያ የመጀመሪያ አጋማሽ በጽኑ ሳይንሳዊ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ይራመዳል። «ለውጥ» ሊባል የሚገባው ነገር «እጥረት» ተብሏል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዋላጅ ነርሷ አራሷን ምን ብላ እንደምትጠይቅ፣ ሐኪሙ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚያዝ፣ የጤና ተቋሙም ውስን በጀቱን በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስን ልዩነት ነው።

ጽኑው መሠረት

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡት መልእክት በጥቅሉ ከሁለት ይከፈላል፤ ቀስቃሽና ገቺ። ገቺውን መልእክት በዋናነት የሚያደርሰው ጋማ አሚኖ ቡቲሪክ አሲድ፣ በአጭር አጠራሩ ጋባ፣ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ጋባ «ጋባ ኤ» በሚባለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ በተቀባዩ መካከል ያለው ቀዳዳ ይከፈትና ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ሕዋሱም በቀላሉ የማይነሣሣ ይሆናል። ፈረስ ያለ ልጓም እንደማይገራ ሁሉ አንጎልም ያለዚህ መግቻ ሥራውን በሥርዓት ሊያከናውን አይችልም። መግቻው ከመጠን በላይ ሲላላ የአንጎል ሕዋሳት ያለ ልክ ተነሣሥተው የሚጥል በሽታን የመሰለ ችግር ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ድንዛዜና ራስን መሳት ይመጣል። በየጤና ተቋሙ የሚታወቁት ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል የሚሠሩት ይህንኑ መግቻ በማጠናከር ነው።

ሆርሞን በዚህ መግቻ ላይ ሥልጣን እንዳለው የሚጠቁም ፍንጭ የተገኘው ቀደም ብሎ ነው። ሃንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1941 ፕሮጄስትሮንን ጨምሮ አንዳንድ ስቴሮይዶች እንስሳትን እንደሚያደነዝዙ አሳዩ። ከዚህ የምርምር ዘርፍ የመነጨው አልቴሲን የተባለ የደም ሥር ማደንዘዣ በ1970ዎቹ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ የተዘጋጀበት ማሟሚያ በሚያስከትለው አደገኛ የአለርጂ ጠንቅ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1984 ከአገልግሎት ወጣ። በዚያው ዓመት ሃሪሰንና ሲሞንድስ የአልቴሲን ዋና ንጥረ ነገር የሆነው አልፋክሳሎን የጋባን ኃይል እንደሚያጎለብት አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ማየቭስካና ባልደረቦቻቸው ሰውነት ራሱ ከሆርሞን ቀይሮ የሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች እንደ ባርቢቱሬት በጋባ ተቀባይ ላይ እንደሚሠሩ በሳይንስ መጽሔት አስነበቡ። ከእነዚህ መካከል ከፕሮጄስትሮን የሚሠራው አሎፕሬግናኖሎን ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሆዚና ባልደረቦቻቸው ስቴሮይዶቹ በተቀባዩ ላይ የሚያርፉባቸውን ሥፍራዎች ለይተው አመለከቱ።

ይህ አሠራር ከተለመደው የሆርሞን አሠራር ይለያል። ሆርሞኖች በተለምዶ በሕዋሱ ውስጥ ገብተው የጂኖችን ሥራ ይለውጣሉ፤ ውጤቱም ሰዓታትና ቀናት ይፈጃል። አሎፕሬግናኖሎን ግን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው የጋባ ተቀባይ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ውጤቱ ፈጣን ነው። በተጨማሪም ቤንዞዳያዜፒኖች የማይሠሩባቸውን፣ «ዴልታ» የተባለ ንዑስ ክፍል ያላቸውን ተቀባዮች ያነቃል። እነዚህ ተቀባዮች የሚገኙት ከሁለት ሕዋሳት መገናኛ ውጭ ሲሆን፣ በዙሪያቸው ባለው ጥቂት ጋባ እየታገዙ ሕዋሱን ሳያቋርጡ ይገታሉ። አሎፕሬግናኖሎን ከዳያዜፓም የተለየ ባሕርይ ያለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ዕውቀት በአሥርት ዓመታት ሥራ የተገነባ በመሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም።

ማብራሪያው የሚሰነጠቅበት ሥፍራ

የእጥረቱ ማብራሪያ የመጀመሪያ ችግር የሥነ አመክንዮ ነው። የፕሮጄስትሮን መውረድ የእንግዴ ልጅ መውጣት ተከታይ በመሆኑ በወለደች ሴት ሁሉ ላይ ይደርሳል። ድባቴ ግን የሚይዘው ከእነርሱ ጥቂቶቹን ነው። በሁሉም ላይ የሚደርስ ነገር ለምን ጥቂቶቹ ብቻ እንደሚታመሙ ለብቻው ሊያስረዳ አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የመለኪያ ነው። ድባቴ የያዛቸውንና ያልያዛቸውን እናቶች የደም አሎፕሬግናኖሎን መጠን ያወዳደሩ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል፣ ሌሎቹ ልዩነት አላዩም። የእጥረት በሽታ የሚባል ሁሉ ቢያንስ እጥረቱ ሊለካ ይገባዋል። የአዮዲን ወይም የብረት እጥረት ስያሜውን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ችግር የቀጥተኛ ሙከራዎች ምስክርነት ነው። ብሎክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ነፍሰ ጡር ላልሆኑ 16 ሴቶች ኢስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮን በከፍተኛ መጠን ለ8 ሳምንታት ሰጥተው፣ ኋላ ሆርሞኖቹን በማቋረጥ የወሊድን ሁኔታ አስመሰሉ። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ ድባቴ ይዟቸው ከነበሩት 8 ሴቶች መካከል 5ቱ ጉልህ የስሜት ምልክቶች ታዩባቸው። ይህ ታሪክ ከሌላቸው 8 ሴቶች መካከል ግን አንዲትም አልታመመችም። ሆርሞኑ በሁለቱም ወገን እኩል ሲወርድ የተለያየው የሴቶቹ አቀባበል ነበር። እርግጥ ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ የተቋረጡትም ሁለት ሆርሞኖች በመሆናቸው ውጤቱን ለአሎፕሬግናኖሎን ብቻ መስጠት አይቻልም። ሆኖም ከወር አበባ በፊት በሚከሰት የስሜት መታወክ ላይ ሽሚትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሥራ ወደዚሁ ያመለክታል፤ በዚያም ኢስትራዲዮል ወይም ፕሮጄስትሮን መጨመሩ ምልክቱን የመለሰው ቀድሞ በሚታወኩት ሴቶች ላይ ብቻ ነበር።

ይበልጥ የሚያስገርመው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የማርቲኔዝና የባልደረቦቻቸው ሙከራ ነው። በዚህ ጥናት ከወር አበባ በፊት ለሚታወኩ ጥቂት ሴቶች ፕሮጄስትሮን ወደ አሎፕሬግናኖሎን እንዳይለወጥ የሚያግደው ዱታስቴራይድ ተሰጣቸው። የእጥረቱ ማብራሪያ ለዚህ በሽታም ይሠራ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹ በተባባሰባቸው ነበር። ከፍ ባለው መጠን የተሰጣቸው ግን ምልክታቸው ቀነሰ። እንግዲህ አንዱን ንጥረ ነገር በአንድ ሕመም መስጠት፣ በሌላው ማገድ የሚጠቅም ከሆነ ጉዳዩ የመጠን ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ማጓየርና ሞዲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውሮን መጽሔት ያቀረቡት የአይጥ ጥናት ለዚህ እንቆቅልሽ አንድ መንገድ ይጠቁማል። በጤናማ አይጥ እርግዝና ሲገፋና ስቴሮይዱ ሲበዛ አንጎሉ የዴልታ ተቀባዮቹን ይቀንሳል፤ ከወሊድ በኋላ ስቴሮይዱ ሲወርድ ተቀባዮቹን መልሶ ያበዛል። ጋላቢ እንደ መንገዱ ሁኔታ ልጓሙን እንደሚስብና እንደሚያላላ፣ አንጎልም እንደ ሆርሞኑ መጠን ተቀባዮቹን ያስተካክላል። የዴልታ ንዑስ ክፍል ጂን የጎደላቸው አይጦች ግን ከወለዱ በኋላ ድባቴ መሰል ባሕርይ አሳዩ፤ ግልገሎቻቸውንም በወጉ አልተንከባከቡም። ይህ ግኝት ችግሩ ያለው ሆርሞኑን ተከትሎ በሚደረገው ማስተካከያ ላይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። አይጥ ግን አይጥ ናት። ጂኗ የተነቀለ አይጥ የእናትን ሕይወት በሙሉ ልትወክል አትችልም።

ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን፤ ያለፉት ትምህርቶች

በዚህ ዘርፍ ላቦራቶሪው ተስፋ የሰጠበትና በሕሙማን ላይ ተስፋው ያልተፈጸመበት ጊዜ አለ። ፕሮጄስትሮን ጭንቅላታቸው በተጎዳ እንስሳት ላይ አንጎልን እንደሚጠብቅ ብዙ ጥናቶች አሳይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤታቸው የታተመው ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች፣ አንዱ 882፣ ሌላው 1,195 የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች አሳትፈው ሆርሞኑ ከፕላሴቦ የተሻለ ጥቅም እንደሌለው አረጋገጡ። በሚጥል በሽታ ላይም ሄርዞግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በ294 ሴቶች ላይ ያደረጉት ሙከራ በጥቅሉ ልዩነት አላሳየም። ጥቅም የታየው የበሽታው መነሣት በወር አበባ ሰሞን እጅግ በሚበረታባቸው ሴቶች ላይ ብቻ ነበር። በላቦራቶሪ የታየው አሠራር እውነት ቢሆንም ለሕክምና ለመብቃቱ ዋስትና አይሆንም።

የሁለቱ መድኃኒቶች ማስረጃ ሲመዘን

ከዚህ አንጻር ሲታይ የብሬክሳኖሎን መምጣት ትልቅ እርምጃ ነበር። ይህ በደም ሥር የሚሰጥ አሎፕሬግናኖሎን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲፈቀድ ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ድባቴ ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። መሠረት የሆኑት በላንሴት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙት ሁለት ሙከራዎች ናቸው። መድኃኒቱ ለ60 ሰዓታት ያለማቋረጥ ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ የሃሚልተን የድባቴ መለኪያ ውጤት በአነስተኛው መጠን በ19.5፣ በከፍተኛው መጠን በ17.7፣ በፕላሴቦ ደግሞ በ14.0 ነጥብ ቀነሰ። በሁለተኛው ሙከራ ቅናሹ በመድኃኒቱ 14.6፣ በፕላሴቦ 12.1 ነበር።

ፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። የተለመዱት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ሳምንታት ሲፈጁ ይህኛው በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ ለውጥ አሳይቷል፤ ሕፃን ታቅፋ ለምትሰቃይ እናት ሳምንታት ረጅም ጊዜ ናቸው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ ከፍተኛው መጠን ከአነስተኛው የተሻለ ውጤት አላስገኘም። ቡድኖቹ ትንንሽ በመሆናቸው ይህ የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም «የጎደለውን መሙላት» ለሚለው ሐሳብ ድጋፍ አይሆነውም። ሁለተኛ፣ እንቅልፍና ማዞር የሚያስከትል መድኃኒት ማን እውነተኛውን እንደወሰደ ለታካሚዋም ለመዛኙም ሊያስጠረጥር ይችላል። ሦስተኛ፣ ፕላሴቦ የተሰጣቸው እናቶች መሻሻል እጅግ ከፍተኛ ነው። ከፊሉ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ከመርገቡና ከመለኪያው ባሕርይ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ደግሞ ለሁለት ቀን ተኩል በባለሙያ ዓይን ሥር ከመሆን፣ ከመደመጥና ከማረፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሙከራዎቹ እነዚህን ለመለየት አልታቀዱም።

የመድኃኒቱ ዋጋ ለአንድ ሕክምና 34,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ድንገት ራስን የማሳት ጠንቅ ስላለውም በጤና ተቋም ውስጥ የደም ኦክስጅን ያለማቋረጥ እየተለካ ብቻ እንዲሰጥ ታዘዘ። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ብሬክሳኖሎንን ማቅረብ አቆመ።

በአፍ የሚወሰደው ዙራኖሎን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በታተመው ሙከራ ለ14 ቀናት በየቀኑ 50 ሚሊግራም የወሰዱ እናቶች በ15ኛው ቀን በ15.6፣ ፕላሴቦ የወሰዱት በ11.6 ነጥብ ተሻሽለዋል፤ ልዩነቱም እስከ 45ኛው ቀን ዘልቋል። ይህ ከቀድሞው የጠነከረ ማስረጃ ነው። ሆኖም ያው አስተዳደር መድኃኒቱን ከወሊድ ጋር ላልተያያዘ ከባድ ድባቴ ለመፍቀድ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። ታካሚዋም ከወሰደች በኋላ ለ12 ሰዓታት መኪና እንዳትነዳ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። በእነዚህ ጥናቶች የተሳተፉት እናቶች በሕክምናው ወቅት የጡት ወተታቸውን ለሕፃኑ ላለመስጠት ተስማምተው የገቡ ነበሩ። የእናት ጡት ለሕፃኑ ዋነኛ የሕይወት ዋስትና በሆነበት አካባቢ ይህ ቅድመ ሁኔታ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው

የእጥረቱ ማብራሪያ አንድ መልካም ነገር እንዳደረገ ሊካድ አይገባም። ድባቴ የያዛት እናት ልጇን እንደማትወድ፣ እምነቷ እንደደከመ ወይም ሰነፍ እንደሆነች ተቆጥራ ስትወቀስ ኖራለች። ሕመሙ በአንጎል ውስጥ ሥር እንዳለው መናገር ከዚህ ነቀፋ ያድናታል። ይህን ጥቅም ለማግኘት ግን እጥረት መፍጠር አያስፈልግም። «ሰውነትሽ ትልቅ ለውጥ እያስተናገደ ነው፤ የአንዳንድ ሴት አንጎል ለዚህ ለውጥ ይበልጥ ስሱ ነው፤ ይህም የአንቺ ጥፋት አይደለም» ማለት እውነትም የሚያጽናናም ነው።

ማብራሪያው በተሳሳተ መንገድ ሲወሰድ የሚያስከትለው ጉዳት በሦስት ቦታ ይታያል። የመጀመሪያው በመድኃኒት አሰጣጥ ነው። «ጋባ ደክሟል» የሚለው አስተሳሰብ ዳያዜፓምን ወደ ማዘዝ በቀላሉ ያመራል። ዳያዜፓም ግን ድባቴን አያድንም፤ የሚሠራባቸው ተቀባዮችም ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በተጨማሪ ሱስ ያስይዛል፤ በጡት ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ አልፎም እንቅልፋም ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው በወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር ላይ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የፕሮጄስትሮን ዘመድ ቢሆንም ወደ አሎፕሬግናኖሎን አይለወጥም። ስለዚህ «ሆርሞን ስለሆነ ያረጋጋታል» ማለትም ሆነ «ሆርሞን ስለሆነ ድባቴ ያመጣባታል» ብሎ ማስፈራራት መሠረት የለውም። በጆሃንስበርግ 180 እናቶችን ያሳተፈው የሎሪና የባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. የ1998 ሙከራ ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓታት ውስጥ ሌላ መርፌ፣ ኖርኤቲስቴሮን ኢናንቴት፣ የተሰጣቸው ሴቶች በ6ኛው ሳምንት ከፍ ያለ የድባቴ ምልክት እንዳሳዩ ዘግቧል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀድሞ ድባቴ ይዟት የነበረችን ሴት ስለ ታሪኳ ጠይቆ፣ ምርጫዋን አክብሮ፣ በቅርብ መከታተል ነው። ያልታቀደ እርግዝና ራሱ ለድባቴ ያጋልጣልና መርፌውን መከልከል መፍትሔ አይሆንም።

ሦስተኛውና ከባዱ ጉዳት «ሆርሞን ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ጥያቄው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ሆደ ባሻነት በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ አልፎ የሚዘልቀው ግን ምርመራ ይሻል። ባል ጥሏት እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ ድብደባ እንዳለ፣ የምትበላው እንዳጣች፣ ራሷን ወይም ሕፃኗን የመጉዳት ሐሳብ እንደመጣባት የሚታወቀው በመጠየቅ ነው። የሌለ ድምፅ የምትሰማ ወይም ሐሳቧ የተዘበራረቀ አራስ ሳትዘገይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ልትላክ ይገባል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክና የደም ማነስም ሊዘነጉ አይገባም። ሆርሞንን በእርግጥ መለካት ተገቢ ከሚሆንባቸው ሁኔታዎች አንዱ ምልክቱ ወደ ታይሮይድ ሲያመለክት ነው።

ለመጠየቅ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችም በእጅ አሉ። በቡታጅራ ገጠር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ከኤዲንብራው መጠይቅ ይልቅ ለአካባቢው እናቶች እንደሚስማማ አሳይቷል። በአዲስ አበባ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኤዲንብራውን ጠቃሚነት አረጋግጧል። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት መጠይቅ የሚመረጠው የሚጠየቁት እናቶች ቋንቋና አኗኗር ታይቶ መሆኑ ነው።

የሕክምናውም ጉዳይ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በፓኪስታን ገጠር 903 ድባቴ የያዛቸው እናቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 በላንሴት የታተመው የራህማንና የባልደረቦቻቸው ሙከራ ይህን ያስረዳል። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ቀላል የሥነ ልቦና ድጋፍ ከሰጧቸው እናቶች መካከል ከ6 ወር በኋላ በድባቴ ላይ የነበሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ሠራተኞቹ ይህ ሥልጠና ሳይኖራቸው እኩል ከጎበኟቸው መካከል ግን 53 በመቶ ነበሩ። ይህን ሥራ የሠሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ የመንደር ሴቶች ናቸው። ድባቴው ሲበረታ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለው ፍሉኦክሴቲን፣ የጡት ማጥባቱ ጉዳይ ተመዝኖ፣ ሊታዘዝ ይችላል።

ሆርሞን የአንጎልን መግቻ እንዴት እንደሚያስተካክል የተደረሰበት ዕውቀት ሊከበርና ሊቀጥል ይገባዋል፤ ነገ ርካሽና ለሁሉም የሚዳረስ መድኃኒት ሊያስገኝ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን አራሷ ለክትትልና ሕፃኗን ለማስከተብ ወደ ጤና ጣቢያ በመጣች ቁጥር ስለ ስሜቷ ልትጠየቅ ይገባል። ይህ በላቦራቶሪ የሚለካ ሆርሞንም ሆነ ውድ መድኃኒት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃና የሚያዳምጥ ባለሙያ ነው።